አታሳዝንም

ጽጌሬዳን መጀመሪያ ያንገሸገሻት ሽንኩርቱ ነው። መምህር ግዛቸው በነጭ መሀረብ ቋጥሮ ከመጋረጃው ጀርባ ያስቀመጠው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀይ ሽንኩርት። ዋናዋ ተዋናይት ሮሆቦት መድረክ ላይ ልትወጣ ስትል ዓይኗ ሥር ታሸዋለች፤ ከዚያ እንባዋ እየወረደ ትገባለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የልምምድ ክፍሉ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ሸተተ። ሽታውስ ባልከፋ፤ ሆድ የሚያገለብጠው ሽንኩርቱን ያስፈለገው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው ኮሌጅ ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎቹ አዲስ ኮርስ ከፈተ። የልዩ ፍላጎት ትምህርትና የትያትር ተማሪዎች አብረው ይወስዱታል፤ የትያትሮቹ ተውኔት ያዘጋጃሉ፣ የልዩ ፍላጎቶቹ ደግሞ ተውኔቱ አካል ጉዳተኛን ወደ ዳር እንዳይገፋ ይከታተላሉ። ለአፍ ዳገት የለውምና ሲናገሩት ያማረ ነበር።

ጽጌሬዳ ከልዩ ፍላጎት ክፍል ናት። ኮርሱ ከመምጣቱ በፊትም ግን ከትያትር ክፍል ጠፍታ አታውቅም፤ ሩሀማ እዚያ ነበረቻ! ሩሀማ የቱላ ልጅ ናት፣ መስማት የተሳናት፣ በትያትር ክፍሉ ብቸኛዋ። ኮሌጁ ሲቀበላት ፎቶዋን በብሮሹሩ ላይ አወጣ፤ አስተርጓሚ መቅጠሩን ግን ረሳው። ጽጌሬዳ ምልክት ቋንቋ ከልጅነቷ ጀምሮ ከጎረቤት ልጅ ለምዳ ስለነበር ክፍት ሰዓቷን እየጠበቀች ትገባና መምህሩ የሚለውን በእጇ ለሩሀማ፣ ሩሀማ የምትለውን በድምፅ ለክፍሉ ትናገራለች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አላመሰገናትም።

በሁለተኛው ወር ሩሀማ ስም አወጣችላት። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዘንድ የምልክት ስም ማንም ለራሱ አያወጣም፤ እነሱ ናቸው የኛ ሰው ነው ሲሉ የሚሰጡት። እስከዚያ ድረስ የሰው ስም በጣት ፊደል አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የመንገደኛም የፖሊስም እኩል። የጽጌሬዳ ስም አገጯ ላይ ያለውን ትንሽ ጠባሳ በአመልካች ጣት ሁለቴ መንካት ሆነ። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ መስታወት ፊት ቆማ ጠባሳዋን ሁለቴ ነካችውና ብቻዋን ሳቀች። ስትወለድ የወጣላት ስም እንኳ እንዲህ የራሷ መስሏት አያውቅም።

አሁን ወደ ተውኔቱ። መምህር ግዛቸው ራሱ ጽፎታል፤ ርእሱ «የጨለመው ጆሮ» ነው። ጆሮ እንዴት አድርጎ እንደሚጨልም የጠየቀው የለም። ስለ አንዲት መስማት የተሳናት ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ታለቅሳለች፣ መሀል ላይ ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ደግ ባለሥልጣን ያቅፋትና በደስታ ታለቅሳለች። ያም ሆኖ ዋናዋን ተዋናይት ለመምረጥ በተደረገው ፈተና ሩሀማ ስትነሳ ያ ደረቅ ጽሑፍ ነፍስ ዘራ። ልጅቷ እናቷን «ስወለድ ምን ብለሽ ጠራሽኝ?» ብላ የምትጠይቅበትን ቦታ ተጫወተችው። በሳቅ ጀመረችው፤ እጇ ቀልድ ይመስል ነበር፤ ከዚያ እናትየዋ ሳትመልስ ስትቀር ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ እጇ ብቻ ወረደ። ምልክት ቋንቋ የማያውቁት ልጆች ሁሉ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው።

መምህር ግዛቸው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ጎበዝ ናት» አለ ለጽጌሬዳ። «ግን አታሳዝንም።»

«ምን አሉ መምህር?»

«ፊቷ ይስቃል። ተመልካች ደግሞ ካላለቀሰ ቤቱ ሲገባ ይረሳሻል። ሮሆቦት ትጫወተው።»

«ሮሆቦት እኮ ምልክት ቋንቋ አትችልም።»

«ትማራለቻ! እናንተ ታዲያ ምን ልትሠሩ ተቀመጣችሁ?»

ይህን መተርጎም የጽጌሬዳ ሥራ ነበረና ተረጎመችው። ሩሀማ የጽጌሬዳን እጅ አስተውላ አየችና፣ «አላሳዝንም?» ብላ ጠየቀች። ትርጉሙ ተሳስቶ መሆን አለበት ብላ ነው መሰል ደግማ ጠየቀች። ጽጌሬዳ ራሷን ነቀነቀች።

ሩሀማ ግን ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብላ ሮሆቦትን አስተማረቻት። ሮሆቦትም የአቅሟን ያዘች። ከዚያ መምህር ግዛቸው መጣና ምልክቶቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ከኋላ ወንበር አይታዩም፣ ውበትም ይጎድላቸዋል አለ። ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ክንዱን እንደ ክንፍ እየዘረጋ፣ ጣቱን እያርገበገበ፣ ደረቱን እየደበደበ አዲስ ምልክት ፈጠረ። «ይኸው ናፍቆት ማለት ነው» አለ። በማን ቋንቋ? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው ደግሞ በሚያውቁት ፊት ነው ያለው። የሚያውቁት ሁለት ልጆች ብቻ ስለነበሩ አልፈራም።

«እኔ ራሴ ምን እያልኩ እንደሆነ አላውቅም» አለች ሮሆቦት ለጽጌሬዳ በጆሮዋ። «አንቺ ንገሪው እስቲ፣ ሙያሽ ነው።»

ጽጌሬዳ አልነገረችውም። ከኮርሱ ውጤት ግማሹን የሚሰጠው እሱ ነው። ደግሞም ስትመረቅ በረዳት መምህርነት እንድትቀጠር የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ ብሏታል፤ ደብዳቤው ተጽፎ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ብላ ራሷን አጽናናች። ረዳት መምህር ስሆን አስተካክለዋለሁ፣ ለሌሎች ሩሀማዎች አስተርጓሚ አስቀጥራለሁ አለች። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሲመጣ ጣፋጭ ነው፤ ሲውል ሲያድር ነው የሚከረፋው።

ለሩሀማም ሚና አልጠፋላትም። ዛፍ ሆነች። በግራም በቀኝም እጇ ቅርንጫፍ አስይዘው ከኋላ አቆሟት። ያቺ ልጅ አፏ እጇ ነው፤ እጇን ቅርንጫፍ አስይዞ ማቆም አፍ ውስጥ ጨርቅ ከመጎሰር በምን ይለያል? መምህር ግዛቸው ግን አካታችነት ብሎ ጠራው፣ ሪፖርቱም ላይ ጻፈው። የፕሮግራሙ ወረቀት ታትሞ ሲመጣ ከታች በኩል «የምልክት ቋንቋ አማካሪ፦ ጽጌሬዳ» የሚል ተጽፎበታል። ሩሀማ አነበበችው። ቀና ብላ ጽጌሬዳን አየቻትና ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኮሌጁ አዳራሽ ሞላ። ፊት ለፊት የቢሮ ኃላፊዎችና ከአዲስ አበባ የመጡ የድርጅት ሰዎች፣ በስተግራ ቢጫ ሹራብ የለበሱ ሠላሳ የሚሆኑ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ከአስተማሪያቸው ጋር፣ መጨረሻው ወንበር ላይ የሩሀማ እናት። እናትየዋ ከቱላ በባጃጅ ነው የመጣችው፤ ነጠላዋ ታጥቦ ተተኩሷል። ምልክት ቋንቋ አታውቅም። ከልጇ ጋር የሚግባቡት በቤት ውስጥ በለመዱት ጥቅሻና ጥቆማ ነው፤ ልጇ ስታወራ፣ ሙሉ ሐሳብ ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ሩሀማም እናቷን ያመጣቻት ለዚህ ነው። በመጨረሻው ላይ አንድ ደቂቃ እንድትናገር ተፈቅዶላታል፤ ጽጌሬዳ በድምፅ ትተረጉማለች።

«እናቴ ድምፄን ትሰማለች» ብላ ነበር ጠዋት፣ የጽጌሬዳን ጉሮሮ በጣቷ እየጠቆመች።

መምህር ግዛቸው ሱፉን ግጥም አድርጎ ወጣና እንግዶቹን መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያጨበጭቡ አስተማራቸው፤ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ ይርገበገባል። እንግዶቹ እየሳቁ ተለማመዱ። አንዱ በሞባይሉ ራሱን ቀረጸ።

ተውኔቱ ተጀመረ። ሮሆቦት ሽንኩርቷን አሽታ ገባች። ክንዷን ዘረጋች፣ ጣቷን አርገበገበች፣ ደረቷን መታች። በመጀመሪያ ቢጫ ሹራቦቹ አንገታቸውን አስግገው ተከተሏት። አንዲት ሕፃን ጎረቤቷን ጎሸም አድርጋ «ምን አለች?» አለቻት። «አላውቅም።» ሕፃኗ ወደ አስተማሪዋ ዞረች፤ አስተማሪዋ ትከሻዋን ሰበቀች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባቸው። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ ዓይናቸውን ከመድረኩ እያነሱ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ። ስለ እነሱ ነው በተባለ ተውኔት መሀል ሠላሳ ሕፃናት ተሰላችተው ስለ ምሳ አወሩ። ከፊት ያሉት ትልልቆቹ ግን መሀረብ አወጡ። አንዲቱ ሴትዮ ሲቃ ያዛት። ጽጌሬዳ ከመጋረጃው ሥር ቆማ ያንን እንባ አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሮሆቦት ከደጉ ባለሥልጣን ጋር ተቃቀፈች፣ ተላቀሰች፣ አለቀ። እጆች ተነስተው ተርገበገቡ። መምህር ግዛቸው ማይኩን ያዘና፣ «አሁን ደግሞ አንዷ ልጃችን ምስጋና ታቀርብልናለች» አለ። ለጽጌሬዳ ማይኩን ሲያቀብላት ጎንበስ ብሎ፣ «አጭር አድርጊው፤ ምስጋና ነው። ደብዳቤሽን ሰኞ እፈርማለሁ» አላት። አፉ ቅመም ቅመም ሸተታት።

ሩሀማ ቅርንጫፎቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ፊት መጣች።

«ስሜ ሩሀማ ነው» አለች በእጇ።

«ስሜ ሩሀማ ነው» አለች ጽጌሬዳ በማይኩ። ከመጨረሻው ወንበር የልጅቷ እናት ብድግ ስትል ታየች።

«የትያትር ተማሪ ነኝ። አራተኛ ዓመት።»

«የትያትር ተማሪ ነኝ፤ አራተኛ ዓመት።»

«ዛሬ ግን ዛፍ ነበርኩ። እዚህ በእጅ የተባለው ሁሉ ቋንቋ አይደለም። ያለቀሳችሁት ምንም ላልተባለ ነገር ነው። ልጆቹን ጠይቋቸው። አላሳዝንም ተብዬ ነው እንጂ እኔ መጫወት እችል ነበር።»

ቢጫ ሹራቦቹ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አንዱም አያወራም። ጽጌሬዳ «ዛሬ...» አለች። ማይኩ ትንፋሿን አጎላው። መምህር ግዛቸው ፈገግ እንዳለ ያያታል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፣ ሙሉው፣ ከነጣዕሙ። ዋጠችው።

«ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል። ለዚህ ላበቁኝ መምህሬና ለእናንተ ለክቡራን እንግዶች ምስጋናዬ ከልብ ነው።»

አዳራሹ ተነሳ። እጆች ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው ተርገበገቡ፣ ሲቃ የያዛት ሴትዮ በሁለት እጇ። ቢጫ ሹራቦቹ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። የሩሀማን እጅ አንብበዋል፤ የትልልቆቹን ደስታ ያያሉ፤ ሁለቱ አልገጠመላቸውም። ሩሀማም የሚርገበገበውን የእጅ ጫካ አየች። ያንን ለተናገረ ሰው ማንም እንዲህ አያጨበጭብም። ዘወር ብላ ጽጌሬዳን ሳይሆን ጉሮሮዋን አየች።

እንግዶቹ ወደ ከተማው ሐይቅ ዳር ለዓሣ ምሳ ሄዱ፤ ከነመምህር ግዛቸው። ጽጌሬዳም ተጠርታ ነበር። ሩሀማን ፍለጋ ግቢ ወጣች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም። መጀመሪያ ያገኘቻት እናትየዋ ናት። ሮጣ መጥታ አቀፈቻት፣ ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት።

«ልጄ እንዲህ ነው የምታወራው? እንዲህ ሰው አመስጋኝ ናት እንዴ? እኔ አላውቅም ነበር! ሃያ ሁለት ዓመት አላውቅም ነበር! አንቺን እግዚአብሔር ይባርክሽ የኔ ልጅ፣ ዛሬ የልጄን አፍ ሰማሁ።»

ጽጌሬዳ በዚያ እቅፍ ውስጥ ራሷን ተጠየፈች። ሌላ ቃል የለውም፤ ቆዳዋን አውልቃ ብትጥለው በወደደች። በእናትየዋ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ ሩሀማ ከኋላ ቆማለች።

«ይቅርታ» አለች ጽጌሬዳ በአንድ እጇ፤ ሌላውን እናትየዋ ይዛዋለች።

ሩሀማ ቀኝ እጇን አነሳች። ጽጌሬዳ የጠበቀችው ጣቷ ወደ አገጯ እንዲሄድ ነው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም ሁሌ በዚያ ነው የምትጀምረው። ጣቷ አልሄደም። እጇን ደረቷ ፊት አድርጋ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ ጥርት አድርጋ ቆጠረችው። ጽ። ጌ። ሬ። ዳ። ከዚያ እጇን አወረደችና የእናቷን ነጠላ ሳብ አደረገች።

እናትየዋ በፈገግታ ወደ ጽጌሬዳ ዞረች።

«ምን አለችሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አለች?»

«ስሜን ጠራችኝ» አለች ጽጌሬዳ።

«ውይ፣ እሰይ» አለች እናትየዋ።