በናስር ቤት እሳት የጠፋ ዕለት

ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዛሬ ቢሮውና ሆቴሉ የቆመበት ቦታ ነፋስ በአቧራ የሚጫወትበት ሜዳ ነበር፤ መኪና የሚቆመው፣ ሻይ የሚጠጣው፣ ጎማ የሚለጠፈው ሎጊያ ነው። የዘይቱናም ልብ በዚያ ሰሞን ውሎ የሚያድረው ሎጊያ ነበር። አንድ ልጇ ኑራ እዚያ ሱቅ የከፈተ የወሎ ልጅ አግብታ፣ አሁን የመውለጃ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያው ፅንስ በሰባት ወሩ ወርዶባታልና፣ ለሁለተኛው እናቷ ከአጠገቧ እንድትሆን በመንገደኛ ሹፌሮች ሦስት ጊዜ ልካለች።

ዘይቱና ያለችው ግን አዋሽ ነው፤ በመሃል የአንድ ቀን መንገድ አለ። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ፣ ቤንዚን ለመቅዳት ኩፖን ያስፈልጋል። ይለፉ ለእሷና ለባሏ ለናስር ተጽፏል። ቤንዚኑም በኩፖን ጠብ ጠብ እያለ ተጠራቅሞ ቮልስ መኪናቸው ሆድ ውስጥ ገብቷል። የቀረችው ቮልሷ ራሷ ናት።

ቮልሷ ድሮ ነጭ ነበረች፤ በኋላ የአዋሽን አቧራ መልክ ያዘች። ናስር የገዛት እርሻው ሲወረስ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ ነው። በዚያች መኪና ሙሽራ ታጅቧል፣ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ደርሳለች፣ አንድ ጊዜም ከመልካ ወረር አንድ ሙክት ከሁለት ሴቶች መሃል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ባለሥልጣን ግራ ቀኝ እያየ መጥቷል። ናስር ያኔ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ እያንጎራጎረ ይነዳል፤ ዘይቱና ከጎኑ ሆና ሻሿን ከነፋሱ ትታገላለች። እንደዚያ ዘመን የሚያምር ዘመን በእሷ ዕድሜ አልመጣም።

በዚያ ሰሞን ግን ቮልሷ አቅም አነሳት። ሜዳ ላይ ደህና ትሄድና ትንሽ ዳገት ስታይ እየተርገፈገፈች ትቆማለች። ናስር ሃያ ዓመት በመካኒክነት የኖረ ሰው ነው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣትና ቤንዚን እንደማይደርሳት ተናገረ። የቤንዚኑን ፖምፓ ከሥር የሚገፋው የጣት ርዝመት ያለው ዘንግ፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ሲፋተግ ኖሮ ጫፉ ተበልቶ አጥሯል አለ። አዲሱ ዘንግ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ በባቡር መጣ። ሥራው በግቢያቸው እሁድ ጠዋት ሊሆን ተቆረጠ፤ ጉዞው ሰኞ ሊነጋጋ ሲል።

ናስር ቤንዚን የሚነካ ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅም። መኪናዋ ከቅዳሜ ማታ ጀምራ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ገብቶ ቆማለች፤ ሞተሩ ሌሊቱን እንዲቀዘቅዝ ነው። ጠዋት መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አንስቶ የባትሪውን ሽቦ ፈታ። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገቡ አስቀመጠ። ከሁሉ በላይ ግን በግቢው ውስጥ እሳት የሚባል ነገር እንዳይኖር ነው የሚያዘው። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሲጋራ እያጨሰ ቢመጣ ከነሲጋራው ከበር መልሶታል፤ ያን ዘመን ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ድፍረት አይደለም። ዘይቱናም ከፈጅር ሶላት በኋላ ምድጃው ላይ ውሃ ደፋችበት። ቁርሳቸው የትናንት ዳቦና በፔርሙዝ ያደረ ሻይ ሆነ።

የቮልስ የቤንዚን ታንከር ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ቱቦው ከፖምፓው ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ መፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ናስር ቱቦውን ሲነቅል ዘይቱና ቶሎ ብላ በጣቶቿ ቆንጥጣ ያዘችው። እሱ በቱቦው አፍ የሚወትፋትን ቡሎን ለማንሳት መሬት ላይ ወደተዘረጋው ጨርቅ ጎንበስ አለ። ቡሎኗ ከፊቱ ናት። እጁ ግን በጨርቁ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። ቤንዚኑ በዘይቱና ጣቶች መሃል ወደ ክንዷ እየወረደ ስለነበር ምን ያንቀራፍፈዋል ብላ በልቧ ተቆጣች።

ጎረቤታቸው ሀምዳ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሰፈር ጠዋት ከማድቤቱ ጭስ የማይወጣ ቤት ወይ ታማሚ አለበት ወይ ክብሪት አጥቷል። ክብሪት እንደ ወርቅ በሚፈለግበት በዚያ ጊዜ ሰው እሳት የሚጫጫረው ከጎረቤቱ ነበር። ሀምዳ ደግሞ እስክትጠየቅ የምትጠብቅ ሰው አይደለችም። የዘይቱናን ቤት ጭስ ብታጣው አንጀቷ አልችል አላት፤ በገል ላይ ፍም አድርጋ፣ እንዳይጠፋባት እፍ እያለች በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

ዘይቱና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ሞተሩ ላይ አቀርቅራለች። ናስር ግን ፊቱ ወደ በሩ ነው። የጫማ ኮቴ ሰማና ቀና አለ፤ በቀጥታ ወደ ሀምዳ እያየ ፊቱ በፈገግታ በራ። "ግቢ ሀምዳ፣ ምነው በር ላይ ቆምሽ" አላት።

ዘይቱና ሰላም ልትላት ዞር ስትል ገሉንና ፍሙን አየች። ሀምዳ ከእሷና ከሚንጠባጠበው ቤንዚን አሥር እርምጃ ያህል ቢቀራት ነው። "ሀምዳ፣ ንቅንቅ እንዳትዪ! እሳት ይዘሻል!" ብላ ጮኸች።

ሀምዳ ክው ብላ ቀረች። ከዚያ ነገሩ ገብቷት እንደ ነብር ከበሩ ተወርውራ ወጣችና ፍሙን መንገድ ላይ በአሸዋ ቀበረችው። ተመልሳ ከበር ውጭ ቆማ፣ እሳት ያጡ መስሏት እንደሆነ እያለቀሰች ተናገረች። ማንም አልተቆጣትም። ናስር ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ ነበር።

"እሳት? የምን እሳት?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዘይቱና ዞር ብላ አየችው። ሲጋራን ከመንገድ ማዶ ለይቶ የሚቆጣ ሰው ፍም የያዘችን ሴት ፊት ለፊት እያየ ግቢ አላት። ባለፉት ወራት ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሬ ጠፋ እያለ የሚያስነብባት፣ ሻይ ስትሰጠው ብርጭቆውን እስክታስይዘው የሚጠብቀው ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባት። በነፃ እጇ ቡሎኗን ከጨርቁ አንስታ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት። መጀመሪያ ቱቦው መወተፍ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ እጁን ነው ያየችው። እጁ አልተሳሳተም። ፖምፓውን ፈትቶ አነሳ፣ አሮጌውን ዘንግ ስቦ አወጣ፣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይዞ ያጠረበትን ያህል በጥፍሩ ዳሰሰው። የአዲሱን ሹል ጫፍ ወደ ታች አድርጎ አስገባው። ሞተሩን በእጁ ቀስ ብሎ እያዞረ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ሲነሳ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ከቆርቆሮ ባበጃት መለኪያ ለካ፤ ከመጠን በላይ ብቅ ብሎ ፖምፓውን እንዳይሰብረው ከሥሩ አንድ ስስ የወረቀት ንጣፍ፣ ጓርኒሲዮን፣ ጨመረ። ቱቦውን መልሶ አጠበቀ። የፈሰሰው በጨርቅ ተጠርጎ፣ ሽታው በነፋስ እስኪሄድ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ባትሪው የተቀጠለው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሳ። ቤንዚን የሚያንጠባጥብበት ቦታ እንዳለ ዘይቱና ዞራ አየች፤ የለም። ናስር ራሱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ እንደ ድሮው ሳቀ፣ ነገ ከፈጅር በኋላ መንገድ ነው አለ። ዘይቱና ያን ሳቅ ከምታጠፋ ዝም ብትል ወደደች። ግን ኑራ ያስጠራችው እናቷን ነው፣ ሬሳ አይደለም።

ሞተሩን አጥፋው አለችው። ሲያጠፋው አጠገቡ ተቀመጠች።

"የኑራ አባት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ለመካድ አፉን ከፈተና ተወው። "ከአምና ረመዳን" አለ። "መጀመሪያ ጭጋግ ነበር፤ አሁን ጥላ ብቻ ነው የማየው። ሀምዳንም በኮቴዋ ነው ያወቅኳት።" መካኒክም ሹፌርም ያልሆነ ናስር ማን እንደሆነ እሱም እንደማያውቀው ነገራት። ቢሆንም መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል፤ ዳር ዳሩን ቀስ ብሎ ይነዳል፤ እሷ ከጎኑ ሆና ትነግረዋለች። ድልድዩን፣ የመልካ ወረርን መገንጠያ፣ የገዋኔን ተራራ፣ የሚሌን ወንዝ አንድ በአንድ ጠራላት። እሱ ሲጠራ ዘይቱና በሐሳቧ አብራው ሄደች፤ ሻሿን ነፋሱ ሲነጥቃት፣ ሙክቱ ግራ ቀኝ ሲያይ ታያት። እሺ ልትለው ምንም አልቀራት።

"መንገዱንስ ታውቀዋለህ" አለችው። "መንገዱ ላይ የሚገቡትን ግመሎች ግን አታውቃቸውም።"

ናስር ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በጭኗ ላይ አኖረው።

ቮልሷን የነዳው ካሕሳይ ነው፤ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና እየነዳ ያረጀ የናስር ወዳጅ። ይለፉ ላይ የእሱን ስም ለማስገባት ሰኞ ሙሉ ቀን ፈጀ፤ የወጡት ማክሰኞ ነው። ናስር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከገዋኔ ወዲያ ባለው ዳገት ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ሲወጣ ጆሮውን ሰጥቶ ሰማ። ለካሕሳይ ዓይኑን ስላመመው ነው ተብሎ ነበር፤ ካሕሳይም ደግ ሰው ነው፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ኑራ ሐሙስ ጠዋት በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለው የናስር ክንድ ላይ አኖሩለት።

"ማንን ትመስላለች?" አለ።

ቤቱ ሳቀ። አያት ይህን የሚጠይቀው አንተን ትመስላለች እንዲባል ነውና ሁሉም አንተን፣ አንተን አሉት። የምሩን መጠየቁን ያወቀችው ዘይቱና ብቻ ናት። ተጠግታው ተቀመጠችና በጆሮው ነገረችው፤ ጸጉሯ ጥቁርና ብዙ እንደሆነ፣ የዓይኗ ቆብ ገና እንዳበጠ፣ የግራ ጆሮዋ ትንሽ እንደታጠፈ፣ አገጯ ላይ እንደ ናስር እናት ጎድጎድ ያለ ነገር እንዳለባት። ናስር ጣቱን አገጯ ላይ አሳርፎ ፈለገና አገኘው።

"እሺ፣ ቀጥዪ" አላት።