አብተው ያፈሰሳት ጥይት

አብተው የቀለጠው እርሳስ በደንብ መሞቅ አለመሞቁን ለማወቅ ምራቁን ጢቅ አለበት። እርሳሱም ውለታ አላስቀረም፤ መልሶ ተፋበት። ከድስቱ ዘሎ የወጣው ፍንጣቂ አንዱ ሸሚዙን በሳው፣ አንዱ ቅንድቡን ለበለበው፣ አንዱ ደግሞ የግራ ጆሮውን ጫፍ አገኘው። ሰውየው ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ሚስቱ መስታወት፣ በረንዳው ላይ ምስር ከምትለቅምበት ሳትነሳ።

«ምንም። እርሳሱ ደርሷል።»

«አየሁት እኮ፣ አንተው ጋ ሲደርስ። ለመሆኑ ድስቴን ማን ውሰድ ብሎህ ነው የወሰድከው?»

«አሮጌ ድስት ነው።»

«እኔም አሮጌ ነኝ። እኔንም ጣደኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አብተው ዕድሜውን የፈጀው ውጫሌ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት ይዞ ነው። ጡረታ ሲወጣ ወረቀቱን ለቀቀ፤ የቀረውን ግን እንደያዘ ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቤቱ ገባ። እኩዮቹ ጡረታ ሲወጡ ንብ ያነባሉ፣ ጽጌረዳ ይኮተኩታሉ፣ ቢያንስ ቢያንስ ሐይቅ እስጢፋኖስ ድረስ በእግራቸው ሄደው ስለ ኃጢአታቸው ያስባሉ። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያባቱን ውጅግራ ሲያይ ይውል ጀመር። ጠመንጃው ፈቃድ ነበረው፤ ጥይት ግን አልነበረውም። ለእንደዚያ ያለ ሽማግሌ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ከገበያ ከጠፋ ዘመን የለውም።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ማንም ባልተጎዳ። ግን አንድ ቀን ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ፣ እየሳቀ፣ እርሳስ አቅልጦ ጥይት ሲያፈስ አየ። መዝናኛዬ ነው ይላል ፈረንጁ። መዝናኛ! አብተው በሕይወቱ መዝናኛ ኖሮት አያውቅም፤ መኖር እንደነበረበትም አሁን ገና ነው የሰማው። አባቱም ጥይታቸውን በእጃቸው ያፈሱ ነበር ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ዘሩም አለበት ማለት ነው።

ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ሄዶ፣ ከመኪና ጎማ ላይ የተነቀሉትን የሚዛን እርሳሶች ለምኖ አመጣ። ደሴ ሄዶ ቶርኖ ቤት ፎርማ አስቀረጸ፤ ሁለት ገጽ ያለው፣ ሲገጠም በመካከሉ የጥይት ቅርጽ ያለው ክፍተት የሚተው ብረት ነው። ባሩዱንና ቀለሁን ከየት እንዳገኛቸው እሱና የሸጠለት ያውቃሉ። የመጀመሪያዋ ጥይት ፎርማው ውስጥ ተጣብቃ እምቢ ስትለው በምስማር ፈለቀቃት፤ ሲፈለቅቅም ብረቱን በረጅሙ ጫረው። ከዚያ በኋላ ያፈሰሳቸው ጥይቶች ሁሉ ጎናቸው ላይ ትርፍ መስመር ይዘው ተወለዱ። እሱ ግን አላፈረባቸውም። አንዷን ኪሱ ውስጥ ይዞ በለቅሶ ቤት፣ በሻይ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ያወጣታል።

«በእጄ ነው ያፈሰስኳት» ይላል።

«አይ ጎበዝ» ይሉታል፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። ይዞ ልያት ያለው ሰው ግን አልነበረም።

የተኮሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቲማቲም ጣሳ የአጥሩ እንጨት ላይ ሰቀለ፤ ከጣሳው ጀርባ ገደሉ ነው፣ ሰው የለበትም። ይህንን ማሰቡ አይካድም። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምናልባት ሁለቱንም፣ ተኮሰ። ጣሳዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጥይቷ ግን በስተቀኝ ያለውን አጥር ተሻግራ የጎረቤቱን የፈዲላን ሮቶ ከታች በኩል በሳችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ አብተው የጣለው ግን የሰው ብብት ውስጥ ያለውን ነው። ፈዲላ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የአቮካዶና የቡና ችግኝ አፍልታ እየሸጠች ነው የምትኖረው። ቧንቧው በመጣ ቀን ተሻምታ የሞላችው ውሃ ሁሉ ችግኙን ጠራርጎ ወደ መንገዱ ወረደ።

በዚህ ዘመን ተኩስ ሲሰማ ሰው ወደ ቤቱ እንጂ ወደ አጥሩ አይሮጥም። ስለዚህ ማን እንደተኮሰ ያየ አልነበረም። ያላየ ደግሞ ይጠረጥራል። የተጠረጠረው ከመንገዱ ማዶ ያለው የእህል መጋዘን ዘበኛ እንድሪስ ነው። እሱም አሮጌ ጠመንጃ ይይዛል፤ በዚያ ላይ ፍየሉ ችግኝ በላችብኝ ብላ ፈዲላ በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አዋርዳዋለች። የመጋዘኑ ባለቤት ስሙ ካልጠራ ሌላ ዘበኛ እፈልጋለሁ አለ።

«ሂድና ንገራቸው» አለች መስታወት በማግስቱ ምሳ ላይ።

«ቆይ እስቲ። ይረሳል።»

«አምስት ልጅ ያለው ሰው ሥራው ሊሄድበት ነው፤ ምኑ ነው የሚረሳው?»

«አውጫጪኝ ተጠርቷል። እዚያ እውነቱ ይወጣል።»

«እውነቱ እዚህ ተቀምጦ ሽሮ እየበላ ነው» አለችና የሱን ሳህን አነሳች፤ ገና አልጠገበም ነበር።

አውጫጪኙ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፈዲላ አጥር ሥር ተቀመጠ። እንዲህ ያለ በደል ሲደርስና በዳዩ ሲጠፋ፣ የሰፈሩ ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል ይሰበሰብና ያየውን የሰማውን ያወጣል። ሽማግሌዎቹ ሰሌን ላይ ተቀመጡ፣ ሼህ ዘይኑልአቢዲን መካከል ላይ። እንድሪስ ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። አብተው ከኋላ ቆመ፤ ሁልጊዜም ከኋላ ነው የሚቆመው፣ ቦታ የሚለቅለት ስለሌለ። መስታወት ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ፈዲላ ከሮቶው ሥር ያገኘቻትን ጥይት ሰሌኑ ላይ አስቀመጠች።

ዱዓ ተደረገ። «ያ ጀማዓ፣» አሉ ሼህ ዘይኑልአቢዲን፣ «ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገር። የደበቀውን አላህ ይጠይቀዋል።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ ባድሩ፣ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያሰግረው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ የሰማሁት ጋሼ አብተው ጥይት ይሠራሉ ሲባል ነው።»

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ።

«ተወው እሱን» አለች ፈዲላ፣ በሐዘኗ መካከል ፈገግ ብላ። «አብተው እንኳን ሮቶ፣ ወደ ላይ ቢተኩስ ሰማዩን ይስተዋል ወላሂ።»

«ቀልዱን ተዉት» አሉ ሼሁ፣ እሳቸውም ጺማቸውን በእጃቸው ሸፍነው። አለቀ። አብተው በሰፈሩ ፊት ነጻ ወጣ፤ ማስረጃ ሳይጠየቅ፣ ምስክር ሳይቆጠር፣ በንቀት ብቻ።

ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ብሎ በጎን በኩል ውልቅ ይል ነበር። አብተው ግን ጆሮው ጋለ፤ ያ የተቃጠለው ጆሮው። ባድሩ ይባስ ብሎ ጥይቷን አንስቶ በሁለት ጣቱ አገላበጣት።

«ደግሞ ይቺ ጥይት ናት? ከብት ያመነዠካት ነው የምትመስል።»

«እስቲ ስጠኝ» አለ አብተው ሰውን ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት እየመጣ። «አፍንጫዋ የተጨፈለቀው ስለመታች ነው። ዙሪያዋን እየው፤ አልተዛነፈም። እርሳሱ በደንብ ካልጋለ እንዲህ አትወጣም።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«የኔ ናታ! እኔ ነኝ ያፈሰስኳት። የተኮስኩትም እኔ ነኝ።»

ኅሊናው ነው ያናገረው የሚል ካለ ይበል። ኅሊናው ሳምንት ሙሉ ሽሮ ሲበላ ነው የከረመው። አብተውን ያናገረው ጥይቱ መሰደቧ ነው።

ከዚያ የሆነውን ግን አብተው በሕልሙም አላየውም፤ ማንም አላመነውም። ሼሁ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አያችሁ ሰው ማለት?» አሉ። «የድሃ እንጀራ እንዳይዘጋ ብሎ በደሉን በራሱ ላይ ጫነ። ና አብተው፣ ና እዚህ። ጠጋ በሉለት።»

«የለም፣ እውነቴን ነው» አለ አብተው።

እንድሪስ ከድንጋዩ ተነስቶ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። ፈዲላ በሻርቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ «ስንት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ሳላውቀው» አለች።

«እውነቴን ነው እኮ» አለ አብተው ደግሞ። ሦስተኛ ጊዜ ግን አላለም። ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፣ ሰሌኑ ላይ ከሼሁ ቀጥሎ ተቀመጠ። ጋቢውን አስተካከለ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መዝናኛ ማለት ይሄ ነው ካላችሁ፣ አብተው በዚያች ቅጽበት ተዝናንቷል።

«ደግነትህን አላህ ይቁጠርልህ» አሉ ሼሁ። «ሐቅ ግን በደግነት አይከፈልም። እንድሪስ፣ ነገሩ እስኪጣራ ጠመንጃህን አስረክብ።»

እንድሪስ ጠመንጃውን ሰሌኑ ጫፍ ላይ አጋደመው። ያለ ጠመንጃ ዘበኛ የለም፤ ሥራውም አብሮ ተጋደመ። ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን የሚያሳርፍበት አጣ።

አብተው ወደ ሴቶቹ በኩል ሰረቅ አድርጎ አየ። መስታወት እያየችው ነበር። አልተቆጣችም። እርሳስ ያቀለጠበትን ድስት ያየችበትን አስተያየት ነው ያየችው፤ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም እንደማለት።

ተነሳ። «ፎርማውን ላምጣ» አለ።

«ምን?»

«መጣሁ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ቤቱ ገብቶ ፎርማውን ይዞ ተመለሰ፤ ለሼሁ ሰጣቸው። ሼሁ ከፍተው ጥይቷን አስተኟት። አፍንጫዋ ስለተጨፈለቀ ፎርማው ጥርቅም ብሎ አልተዘጋም፤ ጎኗ ላይ ያለችው ትርፍ መስመር ግን ምስማሩ በጫረው ጭረት ውስጥ ገብታ ልክ ተቀመጠች። ባድሩ አጎንብሶ አየ። ሌሎቹም በየተራ አጎንብሰው አዩ።

«ምን ላይ አነጣጥረህ ነው?» አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው ውስጥ የቅድሙ እንባ አልነበረም።

ጅብ መጥቶ ነው ማለት ይችል ነበር። አብተው በጣቱ አሳየ። ቀይዋ የቲማቲም ጣሳ እንጨቱ ላይ እንደተሰቀለች ነበረች። ሰው ሁሉ ጣሳዋን አየ፣ ዞሮ ሮቶውን አየ፣ እንደገና ጣሳዋን አየ።

«አላልኳችሁም?» አለች ፈዲላ። ሳቁ ከአጥር እስከ አጥር ተንከባለለ። የቅድሟ ደግነት፣ እንባው፣ የትከሻው ምታ፣ ሁሉም በዚያ ሳቅ ሄደ።

እንድሪስ ብቻ አልሳቀም። ከድንጋዩ ተነሳ፣ ጠመንጃውን አነሳ፣ አንገቱ ላይ አጠለቀው።

«ጋሼ አብተው፣» አለ፣ «ሳምንቱን ሙሉ በበርዎ ሳልፍ አብሽር እንድሪስ፣ አይዞህ ይሉኝ ነበር።»

«አዎ» አለ አብተው።

«ወላሂ ልቤ ይረጋ ነበር» አለ እንድሪስ፤ ወደ መጋዘኑም ሄደ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ሰሌኑ ላይ የአብተው ቦታ አሁንም ክፍት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ይሉኝታ ይዟቸው አልሞሉትም። «ተቀመጥ እንጂ» አለው አንዱ፣ ፊቱን ሳያየው።

አብተው ሰሌኑን አየ። ከዚያ አለፍ ብሎ እንድሪስ የለቀቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሾጣጣ ነበር፣ ለመቀመጫ አይመችም። ፈዲላ ከሮቶው አጠገብ ቆማ ታየዋለች።

«እንግዲህ ይጠይቁኝ» አለ ሼሁን።