በቂና አጥጋቢ ምክንያት

ሮዛሊንድ ስታንስበሪ የመንግሥት ምስጢር ቢያጋጥማት ትጠብቃለች ተብላ ፈቃድ የተሰጣት ሴት ነበረች፤ ግን አንድም ምስጢር አታውቅም። ሥራዋ ሊፍት መጠገን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአጥርና በካሜራ በተከበበ አንድ ሰፊ ግቢ፣ ሊፍት ሲንገጫገጭ ወይም በሩ አልዘጋ ሲል የምትጠራው እሷ ናት። እዚያ ያለ አጃቢ ለመግባት የሕይወት ታሪኳ ከላይ እስከ ታች ተመርምሮ «የምስጢር ፈቃድ» ማግኘት ነበረባት፤ አገኘች። ከዚያ ወዲህ የደረሰችበት ምስጢር ቢኖር፣ ትልልቆቹ ሹማምንት ሊፍት ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ማንጎራጎር እንደሚወዱ ብቻ ነው። ከታች ከጉድጓዱ ሆና ትሰማቸዋለች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ኦደንተን ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። አንድ የኅዳር ቀን፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ የበሩ ደወል ጮኸ። ማንንም አልቀጠረችም። በመጋረጃው ጠርዝ ስታይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ወፍራም ሰው በረንዳው ላይ ቆሟል። ደወሉ ደግሞ ጮኸ። እሷም ለምን እንዳደረገችው ሳታውቅ መብራቱን አጠፋችና ከመሣሪያ ሳጥኗ ትልቁን መፍቻ አንስታ ከበሩ ጀርባ ቆመች። ሰውዬው ሄደ። ግን አልሄደም፤ ከመንገዱ ማዶ ያቆማት ግራጫ መኪና ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ቤቷ አዙሮ ተቀመጠ። ቆየ። ከዚያ መኪናዋ ቀስ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ጎረቤቷ ሚስተር ዲትሪች፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ ቅጠል እየጠረጉ ጠሯት።

«ሮዛሊንድ፣ ትናንት አንድ ጨዋ ሰው ስላንቺ ሲጠይቀኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ብቻዋን ነው ወይ የምትኖረው፣ ማን ማን ይመጣል፣ ስንት ሰዓት ትገባለች፣ ምናምን።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«እውነቱን ነዋ! የምትገቢበትን ሰዓት ሁሉ ነገርኩት።»

«ሚስተር ዲትሪች! ማን ነኝ አለዎት?»

ሽማግሌው መጥረጊያቸውን ተደግፈው አሰቡ። «አንድ ነገር አውጥቶ አሳይቶኛል። መነጽሬን ግን አላደረግኩም ነበር። ከሰው ጋር ማውራት ደግሞ ደስ ይለኛል፤ አንቺ እንደሆነ እንደምን አደሩ ብለሽ ነው የምትሮጪው።»

እሑድ ዕለት የአክስቷ ልጅ ጋርላንድ የሸርጣን ጥብስ ይዞ መጣ። ጋርላንድ ተኩስ ያስተምራል፤ ሽጉጥ የማይፈታው ችግር ያለ አይመስለውም። ሁሉንም ነገረችው።

«ፖሊስ ጋ ደወልሽ?»

«ደወልኩ። የበር ደወል መደወል ወንጀል አይደለም አሉኝ።»

«እንግዲያው ሽጉጥ ያዢ።»

«አለኝ እኮ። የሟቹ ባለቤቴ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ሽጉጥ ለቁም ሳጥኑ ነው የሚጠቅመው! መኪና ማቆሚያው ላይ ቢይዝሽስ? ቁም ሳጥኑን ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው?»

በዚያን ጊዜ በሜሪላንድ ሽጉጥ በልብስ ሥር ደብቆ ለመሄድ ከክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ፖሊስ ደግሞ «በቂና አጥጋቢ ምክንያት» አምጡ ይላል።

«ፈራሁ ብል አይበቃም?» አለች ሮዛሊንድ።

«ፈራሁማ ማን የማይል አለ?» ጋርላንድ ጣቱን እየላሰ አሰበ። ድንገት ጠረጴዛውን መታ። «አንቺ የምስጢር ፈቃድ አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«በቃ! መንግሥት ምስጢሩን አምኖ የሰጠሽን ሴት፣ ፖሊስ ሽጉጥ አላምንሽም ሊልሽ ነው? እሱን ጻፊ!»

«ጋርላንድ፣ እኔ እኮ የማውቀው የሊፍት ቅባት ነው።»

«እነሱ ያንን በምን ያውቃሉ?»

ለፈቃዱ የሚጠየቀውን የተኩስ ትምህርት ከእሱ ዘንድ ወሰደች። እጇ የማይንቀጠቀጥ ሆኖ ስለተገኘ ከክፍሉ ሁሉ እሷ በለጠች። የጣት አሻራ ሰጠች። ማመልከቻው ምክንያት ሲጠይቃት እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «በሥራዬ ምክንያት የምስጢር ፈቃድ አለኝ። ስለዚህ የሚከታተሉኝ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ።»

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውዬውን ሌባ ነው ብላ ነበር የፈራችው፤ ሌባ ደግሞ ይዞት የሚሄደው ቴሌቪዥን ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር ከጻፈች ወዲህ ግን ራሷ የጻፈችውን ራሷ ታምነው ጀመር። ከሊፍቱ ጉድጓድ ሆኜ ሳላውቀው የሰማሁት ነገር ይኖር ይሆን? ያ ጄኔራል ያንጎራጎረው ዘፈን ነበር ወይስ ሌላ ነገር? ግራጫ መኪና ባየች ቁጥር በሌላ መንገድ እየዞረች ቤቷ ለመድረስ እጥፍ ጊዜ ይፈጅባት ጀመር። ከተማው ደግሞ ግራጫ መኪና ብቻ ይመስል ነበር።

ጉዳዩን የያዘው ሳጅን ሆይል የሚባል ትሑት ፖሊስ ጠራት። ወረቀቷን ከፊቱ ዘርግቶ፣

«ወይዘሮ ስታንስበሪ፣ ይሄ የምስጢር ፈቃድ ጥሩ ሰው መሆንዎን ይነግረኛል» አለ። «እኔ መጥፎ ሰው ነዎት አላልኩም። የጠየቅኩት ሽጉጡ ለምን እንደሚያስፈልግዎት ነው።»

«መንግሥት ካመነኝ ብዬ…»

«እዚህ አገር የምስጢር ፈቃድ ያለው ሰው ስንት መሰለዎት? ወንድሜ አለው። ጎረቤቴ አለው። የልጄ የኳስ አሠልጣኝ አለው። ሁሉም ቢታጠቁ የልጆቹን ጨዋታ የሚዳኝ ሰው አናገኝም። ሥራዎ ምንድነው?»

«ሊፍት እጠግናለሁ።»

«የማንን?»

«እሱን መናገር የምችል አይመስለኝም።»

«ሊፍቱ ውስጥ ምን አለ?»

«ሰው» አለች ሮዛሊንድ።

ሳጅን ሆይል ወረቀቷን ገለጠ። «በሥራዎ ምክንያት ያስፈራራዎት ሰው አለ?»

የለም ልትል ነበር፤ አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ግን የጋርላንድ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ጮኸ፤ ያ ካፖርት የለበሰው ሰውዬም ትዝ አላት። «አንድ ሰው ተከታትሎኛል» አለች።

«በሥራዎ ምክንያት?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ነው ወይስ ነው?»

«አላውቅም።»

ፖሊሱ መጻፍ ጀመረ። የተናገረችው አጭር ነበር፤ የጻፈው ግን ረጅም ሆነባት።

ብዙም ሳይቆይ የመሥሪያ ቤቷ የጥበቃ ኃላፊ ወይዘሮ ፔቲቦን አስጠራቻት። በሩን ዘግታ አስቀመጠቻት።

«የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ስላንቺ ደውሎልኝ ነበር። በሥራዬ ምክንያት ሰው ይከታተለኛል ብለሻል።»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።»

«ሮዛሊንድ፣ በሥራሽ ምክንያት ሰው ከተከታተለሽ መጀመሪያ መስማት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ደንቡን ፈርመሻል። ካልተከታተለሽ ደግሞ ለፖሊስ ያልሆነ ነገር ተናግረሻል። የቱ ነው?»

ሮዛሊንድ ሁለቱንም መንገድ አየች፤ ሁለቱም ገደል ነው። «የቱ ይሻለኛል?» አለች።

«የሚሻልሽን አይደለም፣ እውነቱን ነው የጠየቅኩሽ!»

«እውነቱንማ እኔም ፈልጌ አጣሁት።»

ወይዘሮ ፔቲቦን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። የሰውዬውን መልክ፣ የመኪናውን ዓይነት፣ ሚስተር ዲትሪች የተጠየቁትን ሁሉ ጻፈች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሮዛሊንድ መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት፤ ነገሩ እስኪጣራ ነው ተባለ። ያን ቀን በዋናው በር ስትወጣ ጥበቃዎቹ እንደወትሮው ሲሰናበቷት ፊታቸውን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ታማኝ ናት የተባለችበት ያው ፈቃድ እንዴት ተጠርጣሪ እንዳደረጋት ደጋግማ ብታስበው ጫፉ አልያዝ አላት።

የሊፍት ጥገና መሥሪያ ቤቷ ለጊዜው የአንድ አረጋውያን መኖሪያ ሊፍት እንድትጠግን ላካት። እዚያ ያሉት አሮጊቶች ሊፍቱ ከተሠራ በኋላ እንኳ እንደገና ተበላሸ እያሉ ያስጠሯት ነበር፤ እንድታዋራቸው ነው። አንዷማ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው ብላ ጠየቀቻት። ሮዛሊንድ ከየት እንደምትጀምር ስላላወቀች ሆዴን ነው አለቻት።

ከዚያ ወይዘሮ ፔቲቦን ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ ይላል፤ አትስቅም ግን።

«ሰውዬሽን አገኘሁት። የኛ ነው።»

«የኛ ማለት?»

«የምስጢር ፈቃድሽን ለማሳደስ ወረቀት ሞልተሽ ነበር አይደል? ከሁለት ዓመት በፊት? ወረፋው አሁን ነው የደረሰሽ። ሰውዬው መርማሪሽ ነው። አንቺን ሊያነጋግርሽ፣ ጎረቤትሽንም ሊጠይቅ ነው የመጣው።»

ሮዛሊንድ የሊፍቱ በር ላይ ተደገፈች። «ታዲያ ለምን አልደወለልኝም?»

«ደውሏል። የሰጠሽው ስልክ አይሠራም።»

እውነት ነው፤ ባሏ ሲሞት ቁጥሯን ለውጣለች።

መታወቂያዋ ተመለሰላት። ለሳጅን ሆይልም ደውላ እየተኮላተፈች ነገረችው። ፖሊሱ አቋርጦ ሳይናገር ሰማት።

«ቆይ ልረዳው» አለ። «በሥራዎ ምክንያት የመጣ ሰው አለ። እውነት ነው።»

«አዎ።»

«ውሸት አልነገሩኝም ማለት ነው።»

«አይደለም፣ ማለቴ… አዎ፣ አልዋሸሁም መሰለኝ።»

«ግን ስጋት አይደለም።»

«አይደለም።»

«ወይዘሮ ስታንስበሪ፣ በሥራ ዘመኔ እውነት ተናግሮ እንዲህ የተወዛገበ ሰው አላየሁም።»

ፈቃዱ ተከለከለ፤ በቂና አጥጋቢ ምክንያት አልቀረበም ተባለ። ይግባኝ ማለት እንደምትችል ተነገራት።

መርማሪው ሚስተር ፌልፕስ በቀጠሮ መጣ። ያው ጥቁር ካፖርት፣ ያው ወፍራም ሰው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ወንበሩ ላይ እያቃሰተ ነው የተቀመጠው። ቡና ቀዳችለት። ስለ ዕዳ ጠየቃት፣ ስለምታውቀው የውጭ አገር ሰው ጠየቃት፣ ቅዳሜ ስለምትጠጣው ቢራ ጠየቃት። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ይሄንንም ልጠይቅዎት ግዴታዬ ነው። ሽጉጥ ለመያዝ አመልክተዋል። ምክንያቱ ምን ነበር?»

ሮዛሊንድ አየችው። «እርስዎ ነዎት» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ። ሁሉንም ነገረችው፤ መብራቱን እንዴት እንዳጠፋች፣ መፍቻውን፣ እሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቤቷን ሲያይ የተሰማትን። ሰውዬው ፊቱ ቀላ።

«ቤቱን እያየሁ አልነበረም» አለ። «ማለቴ፣ እያየሁ ነበር። ደወሉን ስደውል መብራቱ ድርግም አለ። ሰው ቤት ሄጄ በጨለማ ስቆም የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት አንዱ ውሻ ለቆብኛል። ከበሩ ጀርባ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ልቤ ሲመታ ጊዜ መንዳት አቅቶኝ ነው እስኪረጋጋ የተቀመጥኩት። ካርዴን እንኳ በሩ ላይ መሰካት ፈርቼ ነው የሄድኩት።»

«እኔ ነኝ ያስፈራሁዎት?»

«እንዴ! በጣም እንጂ።»

ሮዛሊንድ መሳቅ ፈለገች፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመባት። ያን ቀን እጇ ላይ የነበረው መፍቻ ባይሆን ኖሮ ብላ ጀመረችና ሐሳቡን ሳትጨርሰው ተወችው። የሰውዬውን ሲኒ ደግማ ሞላችለት።

«እና ይሄን እንዴት አድርገው ነው የሚጽፉት?» አለች።

«አላውቅም» አለ ሚስተር ፌልፕስ፣ ወረቀቱን እያየ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

ከሄደ በኋላ ጋርላንድ ደወለ። «ይግባኙን እንሙላ! አሁን እንዲያውም ምክንያትሽ ጠንክሯል፤ ሰው መጥቶብሻል፣ ተረጋግጧል!»

«የመጣው እኮ ቡናዬን ጠጥቶ ሄደ።»

«ዛሬ እሱ ነው፣ ነገስ? ነገ ሌላ ቢመጣ በምን ታውቂያለሽ?»

ይሄ ነበር የቸገራት። ሰውዬው ማን እንደሆነ ካወቀች ወዲህ ፍርሃቱ ይለቀኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አለቀቃትም። ጠዋት መኪናዋ ጋ ስትሄድ አሁንም ዞር ብላ ታያለች፤ ማንን እንደምታይ ግን አታውቅም።

«አንቺ፣ እየሰማሽኝ ነው? ልሙላልሽ ወይስ አልሙላ?»

«ጋርላንድ፣ ቅጹ ምክንያት ብሎ ሲጠይቅህ ምን ልትጽፍ ነው?»

«እሱንማ አንቺ ንገሪኝ» አለ ጋርላንድ።

«ምን እንደምጽፍ ሳውቅ እነግርሃለሁ» አለችው። ስልኩን ዘግታ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች፤ ሚስተር ዲትሪች ቅጠል እየጠረጉ ነበር፣ ልታግዛቸው አጥሩን አለፈች።