ለቅዳሜ የተተነበየው ባሕር

ወንድም ኡርጌሳ መነጽሩን ጠረገ፣ የማይክሮፎኑን አንገት አቃና፣ ጉባኤው እስኪረጋ ጠበቀና፣ በመጪው ሳምንት በሲያትልና በአካባቢዋ ዝናብ እንደሚዘንብ አስታወቀ።

ጉባኤው በጥሞና ሰማ። በመስከረም መጨረሻ በሲያትል ዝናብ ይዘንባል ማለት ከሰኞ ቀጥሎ ማክሰኞ ይውላል እንደ ማለት ነው፤ ቢሆንም ከመድረክ የተነገረ ነገር ክብደት አለው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት “ጌታ ይመስገን” አሉ። ኡርጌሳ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለና፣ የቅዳሜውን የባሕር ሁኔታ በየማታው በስልክ የጸሎት መስመር እንደሚያሳውቅ ተናግሮ ወረደ።

ኡርጌሳ የአየር ጠባይ አገልግሎት ኃላፊ ነው። ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በኪራይ አዳራሽ የምትሰበሰበው ይህች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አታጣም፤ የሻይ አገልግሎት አለ፣ የፓርኪንግ አገልግሎት አለ፣ ወንበር የሚዘረጉና ወንበር የሚያጥፉ ለየብቻ ናቸው። የአየር ጠባዩ ግን በአንድ ፎቶግራፍ ምክንያት ዘንድሮ የተቋቋመ ነው። ሌላው ያበሻ ቸርች ምእመናኑን ባሕር ወስዶ አጠመቀና ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ፀሐይዋ ስትጠልቅ፣ ልብሱ ነጭ፣ ውሃው ወርቅ። ፓስተር ያፌት ፎቶውን ላይክ አደረጉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ “ዘንድሮ ጌታ ከሐይቅ ወደ ባሕር እያወጣን ነው” ብለው ለጉባኤው ተናገሩ።

ጸጥ ያለ ባሕር የማግኘቱ ሥራ ለኡርጌሳ ተሰጠ፤ እሱም ለልጁ ለሃሌሉያ አስተላለፈው። ሃሌሉያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ሰርፍ ታደርጋለች። አባቷ እስከሚገባው ድረስ ሰርፍ ማለት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ቆሞ መውደቅ ነው። ሰርፈኞች ከቤት ሳይወጡ ባሕሩን የሚያዩበት ድረ ገጽ ከፍታ፣ በመርከብ ተሻግረው ብዙ ከነዱ በኋላ የሚደረስበትን ወደ ባሕሩ የገባ አንድ ድንጋያማ የየብስ ጫፍ አሳየችው። ሞገዱ ጫፉን ተደግፎ፣ ወረፋ እንደያዘ ሰው ሳይጋፋ፣ አንድ በአንድ ይገባል። ከሥሩ “ለጀማሪ የሚመች” ተብሎ ተጽፏል።

“ዳድ፣ ከዚህ የቀለለ የለም” አለችው። ጫፉ ተመረጠ።

ከሚጠመቁት አራት ሰዎች ሦስቱ ወጣቶች ናቸው፤ ግቡ ከተባሉ በረዶ ውስጥም ይገባሉ። አራተኛዋ የኡርጌሳ ሚስት እናት፣ እማማ ማንአልሞሽ ናቸው።

እማማ ማንአልሞሽ ሰባውን አልፈዋል። እሑድ እሑድ ከልጃቸው ከሥራዬ ጋር ይመጣሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ፣ ሲጨበጨብ ያጨበጭባሉ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይነኩም። ሥራዬ ይህን “ኮሌስትሮል” ትለዋለች። ፓስተር ያፌትም በር ላይ ሲያገኟቸው “ኮሌስትሮሉ እንዴት ነው እማማ?” ይሏቸዋል። “እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ እማማ። “ሁዳዴ ሲገባ ትንሽ ይጠናብኛል እንጂ።”

በዚህ ሁኔታ በሰላም ሲኖሩ፣ በፀደይ አንድ ቀን ሥራዬ ስለ ጥምቀቱ ጠየቀቻቸውና “እሺ” አሉ። ሥራዬ በደስታ አለቀሰች። ኡርጌሳ ግን ያቺን እሺ ያውቃታል። ፒዛ ሲቀርብላቸው የሚሏት እሺ ናት። ሰው ቤት የተቀመጠ ሰው እሺ።

ኡርጌሳ የጊምቢ ልጅ ነው፤ ከአያቱ ጀምሮ ጴንጤ። ከጉባኤው አዋቂዎች ውስጥ ጴንጤ ሆኖ የተወለደ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ካደጉ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ እሱ ዘና ይላል፣ እነሱ የቀድሞው እንዳያመልጣቸው አንደበታቸውን ይጠብቃሉ። ሰባ ዓመት ሙሉ በአንድ በር የገቡትን ሴትዮ አሁን በሌላ በር ማስገባት ከበደው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ለሚስቱ ይህንኑ ጀመር አድርጎ ነበር።

“እናቴ ናት ኡርጌሳ” አለችው ሥራዬ፣ መንገዱን እያየች። “እዚህ አግኝቻት፣ እዚያ ሰማይ ቤት ስሄድ ላጣት ነው?”

ፌዝ ቢሆን ይመልስ ነበር። የሥራዬ ግን ፍርሃት ነው፤ ሌሊት እየተነሣች ታለቅስበት ነበር። ነገሩን ለባሕሩ ተወው። ባሕሩ ቢናወጥ ጥምቀቱ ይቀራል፤ የወትሮው ሐይቅ ሲቀዘቅዝ ክረምት ይገባል፤ ክረምት ሲወጣ ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሰኞ ማታ በስልክ መስመሩ ሠላሳ ያህል ሰው ገብቶ ነበር። አንዱ ድምፁን መዝጋት ረስቶ ሳህን ያጥባል።

“ለቅዳሜ የሞገዱ ቁመት ዘጠኝ ጫማ” ብሎ አነበበ ኡርጌሳ። “ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ኃይለኛ።” ድምፁ ውስጥ ያለው ነገር ደስታ መሆኑን የጠረጠረ አልነበረም።

“ወንድም ኡርጌሳ፣ ተባረክ” አሉ ፓስተር ያፌት። “እኛ ግን በትንበያ አንመራም። ሶ፣ እንጸልያለን።”

ጸለዩ። ነፋሱን ገሠጹት። ኡርጌሳ ድምፁን ዘጋና በበኩሉ ተቃራኒውን ለመነ። ሠላሳ ሰው በአንድ ወገን፣ እሱ ብቻውን በሌላው።

ማክሰኞ ሰባት ጫማ ሆነ። ረቡዕ ስድስት። ኦበርን ከሚሠራበት መጋዘን በእረፍት ሰዓቱ ወጥቶ ስልኩን ይከፍትና ልክ የታመመ ዘመድ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ያያል። ሐሙስ አራት። ከሥራ ሲመለስ እማማ ማንአልሞሽ ጓዳ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

“ዛሬ ስንት ገባ?” አሉት፣ የበርበሬ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው።

“አራት ገባ እማማ።”

“ወረደ በለኛ።”

“ወረደ።”

“ይገርማል። ሌላው ሁሉ እየተወደደ።” ልጣጩን ጠረግ አደረጉ። “ውሃው ብርድ ነው አሉ?”

“ብርድ ነው። ሃሌሉያ የምትለብሰው ዓይነት የጎማ ልብስ እንከራይልዎታለን።”

“ጎማ ለብሼ እግዚአብሔር ፊት? ተወው ልጄ፣ መኪና መሰለችኝ ይላል።”

ኡርጌሳ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ አጠገባቸው ተቀመጠ። “እማማ፣ እርስዎ ካልፈለጉ እኮ…”

“ሥራዬ ስንት ጊዜ እንቅልፍ አጥታ እንደነበር ታውቃለህ” አሉት ሳያስጨርሱት። “እሺ ካልኋት ወዲህ ታንኮራፋለች። በግድግዳው እሰማታለሁ። ልጅ ሲያንኮራፋ መስማት ጥሩ ነው። በል፣ ያቺን ቢላ አቀብለኝ።”

ቢላዋን አቀበላቸው።

ዓርብ ሁለት ጫማ ሆነ፤ ነፋስ የለም። ገጹ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ኡርጌሳ ሶፋው ላይ ሆኖ አረንጓዴውን ሲያይ፣ ሃሌሉያ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየች።

“ዳድ፣ ጫማውን ብቻ ነው የምታየው? ሰከንዱን ቼክ አላደረግክም?”

“የምን ሰከንድ?”

በጣቷ ነካችለት። በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ አሥራ ስምንት ይላል። ሰከንዱ ከረዘመ ሞገዱ ከሩቅ ነው የተነሣው፤ ከታች ኃይል ይዟል፤ ጥልቁ ውሃ ላይ ትንሽ መስሎ ዳር ሲደርስ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ይቆማል። እንዲህ ያለ ቀን ባሕሩ ለረጅም ጊዜ ይተኛል፤ የተኛ ሳይሆን የሞተ ይመስላል። ከዚያ ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጣሉ።

“ለሰርፍ ኦሳም ነው” አለች። “ለግራንማ ግን… አይ ዶንት ኖው፣ ዳድ።”

ሳምንቱን ሙሉ የለመነው ነገር እጁ ገባ። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ደስ ግን አላለውም። የፈለገው ባሕሩ እንዲያስፈራራ ነው እንጂ እንዲያደባ አልነበረም። ተነሥቶ ፓስተር ያፌትን ኮል አደረገ።

“ስንት ጫማ ሆነ?” አሉ ፓስተሩ።

“ሁለት። ግን ሰከንዱ…”

“ሁለት ጫማ ማለት እኮ የሕፃን ቁመት ናት።”

“ሰከንዱ ረዝሟል ፓስተር። ሃሌሉያ እንደምትለው ጸጥ ይልና በኋላ…”

በስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። “ወንድም ኡርጌሳ፣ እንደ ወንድም ልጠይቅህ። ሰኞ ዘጠኝ ሲሆን ድምፅህ ደስ ብሎት ነበር። ዛሬ ሁለት ሲሆን ሰከንድ አመጣህ። ችግሩ ባሕሩ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?”

ለካ የጠረጠረ ነበር። ኡርጌሳ ፊቱ ጋለ። “ባሕሩ ነው” አለ። እውነቱን ነበር፤ የተናገረው ግን እንደሚዋሽ ሰው ነው።

“እንግዲያውስ ባሕሩን ለጌታ እንስጠው። ጠዋት መርከቡ ጋ እንገናኝ።”

ሥራዬም ስትሰማ “ሃሌሉያ ሰሌዳዋን ይዛ ውሃው ውስጥ ትቁም” አለች። በዚሁ አለቀ።

ቅዳሜ ጫፉ ላይ ዝናብ አልነበረም። ጉም ድንጋዩን ተኝቶበታል፤ ባሕሩ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። መኪናቸውን ፓርክ አድርገው በጠጠሩ ላይ ሲወርዱ ሁሉም የሚናገረው በሹክሹክታ ሆነ። “አያችሁ” አሉ ፓስተር ያፌት፣ ነጭ ካባቸውን እየለበሱ፤ ለማን እንዳሉት አልተናገሩም፤ ሁሉም ግን ኡርጌሳን አዩ። ፎቶ የምታነሣው አፀደ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ካሜራዋን አነጣጥራ ውሃ ዳር ቆመች።

ኡርጌሳ ራቅ ብሎ አየ። ከጫፉ ወዲያ አምስት ስድስት ሰርፈኞች ሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። አይዋኙም፣ አያወሩም። ጀርባቸውን ለምድር ሰጥተው ወደ ውጭ ይመለከታሉ። እንዲህ በጸጥታ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ሦስቱ ወጣቶች ገቡ፣ ጠለቁ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወጡ። ተዘመረ። ባሕሩ አሁንም ትሪ ነው። ሥራዬ እናቷን በክንዳቸው ይዛ ገባች። እማማ ማንአልሞሽ ነጠላቸውን አላወለቁም፤ የሚያስወልቃቸውም አልተገኘም። ውሃው ጉልበታቸው፣ ከዚያ ወገባቸው ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ሳቡ እንጂ ምንም አላሉም። ሃሌሉያ በጥቁር የጎማ ልብሷ፣ ሰሌዳዋን ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። ፓስተር ያፌት አንድ እጃቸውን እማማ ጀርባ ላይ አድርገው ሌላውን ወደ ሰማይ አነሡ።

“እናታችን ማንአልሞሽ፣ በፈቃድዎ…”

ወዲያ ማዶ ሰርፈኞቹ ባንድ ጊዜ ሰሌዳቸውን አዞሩ። በደረታቸው ተኝተው በሁለት እጃቸው ይቀዝፉ ጀመር።

ኡርጌሳ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ። “ሞገድ መጣ፣ ውጡ” ሊል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“እማማ አልፈለጉም” አለ። “አልፈለጉም። እኔም አልፈለግሁም።”

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፤ ስለዚህ ከኋላቸው የተነሣውን አላዩም። ጸጥ ብሎ ነው የመጣው፤ ጫፉን ተደግፎ፣ ወረፋውን ጠብቆ፣ እየቆመ። ፓስተሩን ትከሻቸውን መታ፤ ሥራዬን ከእናቷ ክንድ ነጠቃት፤ እማማ ማንአልሞሽ የነበሩበት ቦታ አረፋ ብቻ ሆነ።

“እመብርሃን፣ እናቴን” አለች ሥራዬ።

“ገብርኤል” አሉ ፓስተር ያፌት፣ ካባቸው ራሳቸው ላይ ተጠቅልሎ። “ቅዱስ ገብርኤል፣ ድረስ።”

“ኪዳነ ምሕረት” አለች አፀደ ከዳር፤ ካሜራዋ ጠጠሩ ላይ ወድቋል። ከኋላዋም መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ያደጉበትን ደብር ጠሩ፤ አንዱ ጊዮርጊስን፣ አንዷ ተክለ ሃይማኖትን። ኡርጌሳ የሚጠራው አልነበረውም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማ። ሰምቶም አረፋው ውስጥ በእጁ እየዳበሰ ገባ፤ የነጠላውን ጫፍ ሲያገኝ ሃሌሉያ በወዲያ በኩል ቀድማ ብብታቸውን ይዛ ኖሮ፣ ሁለቱ አንሥተው ሰሌዳው ላይ አስደገፏቸው።

ሁለተኛው ሞገድ ከመጀመሪያው አነሰ። ሦስተኛው ጉልበት ላይ ቀረ። ከዚያ ባሕሩ ተመልሶ ተኛ፤ ሁሉም እንደቆመ ቀረ። ፓስተር ያፌት ካባቸውን ከፊታቸው ገለጡና ሥራዬን አዩ፤ ሥራዬም እሳቸውን አየች። አፀደ ካሜራዋን ለማንሣት አላጎነበሰችም።

እማማ ማንአልሞሽ አፋቸው ውስጥ የገባውን ጨው ተፉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ የልጃቸውን እጅ በውሃው ውስጥ ፈልገው ያዙ።

“አሜን” አሉ።