ዘፈን በሰባት ሰከንድ አይፈረድበትም

ለመሆኑ ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ የምትሰሙትን ዘፈን የሚመርጥላችሁ ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አትጠይቁም። ዳቦው አነሰ ብላችሁ ከባለሱቅ ጋር ትጨቃጨቃላችሁ፣ ለታክሲ መልስ ትሟገታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሯችሁ ውስጥ የሚፈሰውን ግን ማን እንደቀዳው ሳትጠይቁ ትጠጡታላችሁ።

እንግዲያውስ የክብሪትን ነገር ስሙ።

ክብሪት የሚሏት የአንድ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ የሆነችውን ሴት ነው። ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቶሎ ስለምትቀጣጠል። እሷም አልጠላችውም። "እኔ ባልኖር በጨለማ ነበር የምትቀመጡት" ትላቸዋለች። ሙዚቃ ተምራለች፤ ዲግሪዋም ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የምትኮራው ግን በእሱ አይደለም። የምትኮራው የከተማውን ቀን በዘፈን በምትሰፋበት መንገድ ነው።

ጠዋት ሹፌሮች መሪ ላይ ናቸው፤ ፈጠን ያለ፣ ግን የማያስቆጣ ዘፈን ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ለስለስ ያለ ነገር ብትለቅ አንዱ ሹፌር ደውሎ "እህቴ፣ መሪ ላይ ልታስተኚን ነው እንዴ?" ብሏታል። ይህንን እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች፤ ዘፈኑን ግን በማግስቱ ወደ ምሽት ገፍታዋለች። ረፋዱ የልብስ ሰፊዎች ነው፤ ከስፌት መኪናው ፔዳል ጋር አብሮ የሚሄድ ምት ይመረጣል። ከከባድ ዜና በኋላ ጭፈራ አይለቀቅም። መጀመሪያ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ይገባል፣ ሰው ትንሽ ይተነፍሳል፣ የሰው ድምፅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የራሷ ፕሮግራም አለ፤ "ሙሉ ዘፈን" ይባላል። በዚያ ሰዓት የከተማው ልጆች የሠሯቸው ዘፈኖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይቆረጡ፣ ማስታወቂያ ሳይገባባቸው ይለቀቃሉ። መራጯም፣ አቅራቢዋም፣ ስልክ አንሺዋም እሷው ናት።

ሊወስዱባት የመጡት ይህንን ሰዓት ነው።

የጣቢያው ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። አዲስ የተከፈተ ጣቢያ አድማጭ እየወሰደበት መሆኑን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ፤ ከሩቅም አንድ የፎርማት ባለሙያ አስመጣ። ፎርማት ማለት ጣቢያው ምን ዓይነት ዘፈን፣ ለማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ያህል እየደጋገመ እንደሚለቅ የሚወስነው ቅርጽ ነው። ባለሙያው ልብሱ ያማረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ንግግሩን ሁሉ "መረጃው እንደሚለው" ብሎ ይጀምራል፤ እሱ ራሱ ምንም የማይል ይመስል።

ይህ ሰው አንድ የሆቴል አዳራሽ አስከፈተና በሥራ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ሰዎች ሰበሰበ። ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የሚሰጡበት ትንሽ መሣሪያ አስያዛቸው። ከዚያ የጣቢያው ዘፈኖች ተራ በተራ ይሰሙ ጀመር፤ ከእያንዳንዱ ሰባት ሰከንድ ብቻ። ሰባት ሰከንድ፣ ቁጥር። ሰባት ሰከንድ፣ ቁጥር። ክብሪት ከኋላ ከወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

"ወንድም ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?"

"አድማጮች ናቸዋ።"

"የኔ አድማጭ በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። በእኩለ ቀን ሆቴል ገብቶ ቁልፍ ሲጫን የሚውል ሰው መቼ ነው እኛን የሚሰማው?"

"ዝም በይ እስቲ፣ ሰው እያየን ነው።"

የፖስተኛው ተራ ደረሰ። ፖስተኛው ጡረታ ከወጣ በኋላ አኮርዲዮን ይዞ የቀረ የከተማው ሰው ነው፤ ዘፈኑም የተቀረጸው እዚያው ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዘፈኑ ደብዳቤ ይዞ ዳገት ስለሚወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ አኮርዲዮኑ ብቻውን ያዘግማል፣ ያለከልካል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያዘግማል። የሰው ድምፅ የሚመጣው ሰውየው ጫፍ ላይ ደርሶ በር ሲያንኳኳ ነው። ከተማው ያንን ማንኳኳት በጉጉት ይጠብቀዋል፤ ዳቦ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ እየመቱ አብረው የሚያንኳኩ አሉ። አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ግን ማለክለኩ ብቻ ነበር። ሰባት ሰከንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ቁርጥ። አንዷ ሴት ሳቀች። ቁጥሩ እንደ ድንጋይ ወረደ።

ክብሪት ብድግ አለች። "እዚያ ጋ የቆረጠው ማን ነው?"

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት።

"ኮምፒውተሩ ነው ራሱ የሚቆርጠው" አለ ባለሙያው። "ለሁሉም ዘፈን እኩል ነው።"

"እኩል! ሰውየውን ዳገቱ መሀል አስቁማችሁ ደብዳቤው አልደረሰም ልትሉት ነው?"

"እመቤቴ፣ አድማጭ ቶሎ ካልወደደ ጣቢያ ይቀይራል። መረጃው እንደሚለው…"

"መረጃው አፍ የለውም! እርስዎ ይናገሩ!"

"እሺ፣ እኔ ልናገር" አለ፤ ድምፁ አሁንም ከፍ አላለም። "እኔ ቢያንስ እነዚህን ሰዎች ጠይቄያለሁ። እስከ ዛሬ ለዚህ ከተማ ዘፈን ሲመርጡ የኖሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎንስ ማን መረጠዎት?"

ክብሪት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ወንድሟ ቢሮው ጠራት። ውጤቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥቂት የታወቁ ዘፈኖች ቀኑን ሙሉ እየዞሩ ሊለቀቁ ነው፤ የከተማው ልጆች ዘፈኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወድቀዋል።

"ፕሮግራምሽ ነገ የመጨረሻው ነው" አላት፤ ዓይኗን ሳያይ።

"አንተ ግን የፖስተኛውን ዘፈን ትወደዋለህ።"

"እኔ መውደዴ ደሞዝ አይከፍልም።"

"እሺ። በመጨረሻው ሰዓቴ የፈለግሁትን ላድርግ?"

"ሳትሳደቢ?"

"ሳልሳደብ። ቃሌ ነው።"

"አንቺና አለመሳደብ!" ብሎ ፈገግ አለ፤ ግን ፈቀደ።

ከጣቢያው ወጥታ በእግሯ ሄደች። ጥያቄው እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ይቆረቁራታል። ማን መረጠሽ? ሰውየውን ብትጠላውም ጥያቄው ጥያቄ ነው። በልብስ ሰፊዎች መንገድ አለፈች። ከአንዱ በር የሚወጣው ዘፈን ሳይቋረጥ በሚቀጥለው በር ይቀበላት ነበር። ጠዋት እሷ ያስቀመጠችው ዘፈን ነው፤ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል፣ መኪናዎቹም ከሥር ምቱን ይዘው ይሄዳሉ። ደረቷ ሞላ። እዚህ መንገድ ላይ ማንም በድምፅ ብልጫ አልመረጣትም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ በር የጣቢያውን ስልክ ቁጥር ያውቃል። ስትሳሳት ደውሎ ይቆጣታል፤ እሷም ስልኩን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። ቤቷ ስትደርስ ጠጠሩ ወጥቶ ነበር።

በማግስቱ ስቱዲዮ ገብታ ማዳመጫዋን አጠለቀች። ከመስታወቱ ወዲያ፣ መቆጣጠሪያው ላይ፣ ጆሮ የሚሉት ቴክኒሻን ተቀምጧል፤ ሽቦ ሲላላ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው።

"እትዬ፣ ይህን ነገር ከልብሽ ነው?" አላት።

"ክፈተው።"

ማይክራፎኑ ተከፈተ።

"እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ዘፈን አልመርጥላችሁም" አለች። "ዘፈኖቻችሁ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተፈትነው ነበር። ፈተናውን እንዳለ አሰማችኋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ሰባት ሰከንድ። ጣቢያው ወደፊት የሚለቅላችሁና የማይለቅላችሁ የተለየው በዚህ ነው። ስልኩ ክፍት ነው። ስድብ ግን ክልክል ነው፤ እኔም ቃል ገብቻለሁ።"

ጆሮ ለቀቀው። ሰባት ሰከንድ፣ ዝም። ሰባት ሰከንድ፣ ዝም። የፖስተኛው አኮርዲዮን አለከለከና ቁርጥ አለ። የስልኩ መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ በሩ።

"ሃሎ! ማሰራጫችሁ ላይ ወፍ ተቀመጠበት እንዴ?" አለ አንድ ሹፌር። "ተሳፋሪዎቼ እኔ የምነካካው መስሏቸው እየተቆጡኝ ነው።"

ቀጥላ ልብስ ሰፊ ገባች። "እትዬ፣ እጅጌ ስገጥም ነበር። በየመሀሉ ስታቆሚኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እጅጌው ጠመመ። ለደንበኛዬ ምን ልበላት?"

"አዲስ ፎርማት ነው በያት።"

አንድ ተማሪ ደግሞ "እውነቱን ልናገር አይደል?" አለ። "ያንቺ ምርጫ አንዳንዴ ያስተኛል። አዲስ ዘፈን ትፈሪያለሽ።"

ጆሮ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አፈጠጠ። ክብሪት ፊቷ ቀላ፤ ቃሏን አስታውሳ ዋጠችው። "ልክ ሳትሆን አትቀርም" አለች። "ሁለት አዲስ ዘፈን ጥራልኝ። ነገ ፕሮግራሙ ካለ አስገባቸዋለሁ።"

"ካለ? ሊዘጋ ነው እንዴ? ኧረ ተዪ! እኔ እኮ አሻሽዪ አልኩ እንጂ ዝጊ አላልኩም!"

ወንድሟና ባለሙያው መቆጣጠሪያ ክፍሉ የገቡት ይህን ጊዜ ነው። የወንድሟ የጫማ ማሰሪያ ተፈቷል፤ ደረጃውን ሮጦ ነው የወጣው። "አቁም!" አለው ጆሮን። ጆሮ ግን በጣቱ አንዱን መብራት አሳየው። "ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ላስገባ። ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ።"

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" አለች ክብሪት።

"ማን ልበል ትለኛለች! ዘጠኝ ወር የተሸከመችሽ ናት።"

"እማዬ! አየር ላይ ነሽ እኮ።"

"እኔ ወንበር ላይ ነኝ። ወንድምሽ አለ?"

"መስታወቱ ኋላ ቆሟል።"

"ይስማኝ እንግዲህ። አንተ ልጅ! ፖስተኛውን ዳገቱ ላይ አቁማችሁት የት ሄዳችሁ? እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ማንኳኳቱን እየጠበቅሁ ነው። ይህንን ጣቢያ ስትከፍት ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ነው ብዬ ነግሬያለሁ። አሁን ምን ልበላቸው? ልጄ በሰባት ሰከንድ ይሰለቻል ልበል?"

ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ይሁን ሌላ ነገር፣ ጆሮም አልለየውም። እጁን ሲያነሳ ግን የፈራው ሰው ፊት አልነበረም። ወደ ባለሙያው ዞረ።

"ይግቡና ያስረዱልኝ" አለው። "ከተማው እየጠየቀ ነው።"

"እኔ አየር ላይ አልወጣም። ሥራዬ አይደለም። ውጤቱን ሰጥቻለሁ።"

"እርስዎ ሊመልሱ ያልቻሉትን እኔ ለእናቴ እንዴት ልመልስ?"

ባለሙያው ሰዓቱን አየና ቦርሳውን አነሳ። ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው፤ በሩን ሲዘጋ እንኳ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወንድሟ የስቱዲዮውን በር ከፍቶ ገባ፤ ማይክራፎኑ ላይ ጎንበስ አለ። "የጣቢያው ባለቤት ነኝ" አለ። "አዲሱ ፎርማት ለጊዜው አይጀመርም። ያዘጋጁት ሰው እዚህ ቀርበው ለአድማጭ እስኪመልሱ ድረስ አንድም ዘፈን ከፕሮግራሙ አይነሳም። እማዬ፣ ሰምተሻል?" ከዚያ የእህቱን ትከሻ ጨብጦ፣ በጆሮዋ "ጀግና ነሽ። ግን ገደልሽኝ" አላት።

"ጆሮ፣ የፖስተኛውን" አለች ክብሪት።

ጆሮ ለቀቀው። አኮርዲዮኑ ዳገቱን ጀመረ፤ አለከለከ፣ ቆመ፣ ወጣ። ሰውየው ጫፉ ላይ ደርሶ በሩን አንኳኳ፣ ድምፁም መጣ። ክብሪት ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ቃል፣ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ አደመጠች። በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ኮርታለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርታ አታውቅም። ከዚያ ማይክራፎኑን ወደ ራሷ ሳበች።

"አሁን አንድ ቃል ከእኔ" አለች። "ለባለሙያው ነው። መኪና ውስጥ ይሁኑ ሆቴል ውስጥ፣ ይህንን እየሰሙ እንደሆነ አውቃለሁ። አዳራሹ ውስጥ ማን መረጠዎት ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄዎ ትክክል ነበር፤ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ዛሬ ልመልስ። ማንም አልመረጠኝም። ነገር ግን በየቀኑ እዚህ እቀመጣለሁ፣ ስልኩን እኔ አነሳለሁ፣ ሲቆጡኝ እሰማለሁ፣ ስሳሳት አርማለሁ። ዛሬ እንኳ አንድ ተማሪ ታስተኛለሽ ብሎኛል፤ ሕዝብ እየሰማ ተቀብያለሁ። ለሰው ጆሮ የሚመርጥ ሰው ለዚያው ሰው መልስ ይሰጣል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው። እርስዎ የዚህን ከተማ ዘፈኖች በአንድ ቀን ጥለው፣ ውጤቱ ነው ብለው በር ዘግተው ወጡ። ኮምፒውተሩ ነው አይበሉኝ፤ ኮምፒውተሩን ያዘዘው ሰው ነው። ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ፣ ማይክራፎኑም ክፍት ነው። ነገ በዚህ ሰዓት ይምጡና እኔ ብቻ ሳልሆን ከተማው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ፤ ማን መረጠዎት?"