የመንደርደሪያው ባለ ውል

ካሊሮይ የክርስትና አባቷን የቀጣች ቀን የፔራኒሲ ደሴት ቡና ቤት ጸጥ አለ። ጸጥ ያለው ደንግጦ አይደለም፤ የሚቀጥለው እንዳያመልጠው ነው።

የደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነው። የሚያስተዳድረው፣ የሚያከራየውና ጸጥታውን የሚያስከብረው ምክር ቤቱ ነው። ከሰባቱ የምክር ቤት አባላት ግን ስድስቱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ሰባተኛው ደግሞ ጆሮው አይሰማም። ስለዚህ ሥልጣኑን ጠቅልለው ውጭ አገር ሕግ ተምራ ለተመለሰችው ለካሊሮይ አስረከቧት። ኃላፊም እሷ፣ አከራይም እሷ፣ ፖሊስም እሷ። ኮፍያም ሰጥተዋታል፤ ጆሮዋ ላይ ይወርድባታል።

ያንን ኮፍያ ደፍታ ነው ፍየሎቻቸው አጥር ጥሰው ገብተዋል ብላ ፖሊካርፖስን የቀጣቻቸው። ሽማግሌው የቅጣቱን ወረቀት ገልብጠው አዩት።

"ከመጠመቂያው ውሃ ያወጣሁሽ በነዚህ እጆቼ ነው" አሏት። "ምነው ያኔ ትንሽ አቆይቼሽ ቢሆን!"

ሳምንት አለፈ። ኤፕሪል ሃያ አራት ጠዋት፣ ከአቴና የሚመጣው ትንሽ አውሮፕላን ሊያርፍ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ካሊሮይ በመስኮት ብትመለከት መንደርደሪያው ላይ መቶ አርባ ፍየል ተኝቷል። መካከላቸው ፖሊካርፖስ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። በጸሎት ቤቱ ግንብ ላይ ደግሞ ቡና ቤቱ እንዳለ ተሰልፏል፤ አንዱ የሩቅ ማያ መነጽር ይዟል።

ፖሊካርፖስ ቀኑን የመረጡት አውቀው ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ከሚኒስቴሩ የተላኩት አቶ ካርዳሲስ አሉ፤ የመጡት ደሴቲቱ ማረፊያዋን ራሷ ማስተዳደር ትችል እንደሆነ ሊያዩ ነው። ካልቻለች ማረፊያውን በበጋ ብቻ ሊያበር ለሚፈልግ ኩባንያ ለአርባ ዓመት ያስተላልፉታል። በብርዱ ወራት፣ ማዕበሉ መርከብ ሲከለክል፣ በሽተኛ የሚወጣው በዚያች አውሮፕላን ነው። ባለፈው ጥር የካሊሮይ እናት በእሷ ነው የዳኑት።

ካሊሮይ ኮፍያዋን በእጇ ደግፋ ሮጠች።

"አባባ፣ ይነሱ! አውሮፕላኑ ደርሷል!"

"ይድረስ። እኔ ቤቴ ነኝ።"

"የምን ቤት? መንደርደሪያ እኮ ነው!"

ፖሊካርፖስ ከደረት ኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡና ዘረጉላት። ቃል በቃል ታውቀዋለች። "ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን እስከ ቅዱስ ድሜጥሮስ ቀን፣ ከጸሎት ቤቱ ግንብ እስከ ባሕሩ ገደል ያለው ሜዳ በሙሉ፣ ለአሥር ዓመት ለፖሊካርፖስ ግጦሽ ተከራይቷል።" ከሥሩ ማኅተም። ከማኅተሙ ጎን የራሷ ፊርማ።

ባለፈው ዓመት ከአሮጌው ውል ገልብጣ ነው የጻፈችው። አሮጌው ከሌላ አሮጌ የተገለበጠ ነው፤ ያኛው ሲጻፍ በግንቡና በገደሉ መካከል ከእሾህ በቀር ምንም አልነበረም። አሁን ያለው መንደርደሪያው ነው።

"ያኔ አስፋልት አልነበረም!" አለች።

"አንቺ ስትፈርሚ ነበር። እስከ ዛሬ ዳር ዳሩን ያስጋጥሁት በጨዋነቴ ነው። ትናንት ሃያ ሦስት ነበር፤ ጊዮርጊስ ገብቷል፣ ሜዳው የኔ ነው። አጥር የጣሰች አንቺ ነሽ። በይ ራስሽን ቅጪ።"

ወገቧ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ፓይለቱ ነው።

"ካሊሮይ፣ ያ ነጭ ነጩ ነገር ድንጋይ ነው?"

"ፍየል ነው።"

"ስንት?"

"ሁሉም።"

"ሁለት ዙር እዞርና ወደ አቴና እመለሳለሁ። ሰውዬው በመስኮት እያየ ነው፤ ማስታወሻም ይዟል።"

ካሊሮይ አስፋልቱ ላይ ዘፍ አለች። የተማረችው ሕግ ሁሉ ከሽማግሌው ጎን ቆሞ ነበር። ውሉ ውል ነው፤ ፊርማውም የሷ ነው። ፖሊካርፖስ አዘኑላት መሰል፣ ጨርቅ ፈትተው ዳቦ፣ ሽንኩርትና የወይራ ፍሬ አቀረቡላት።

"ብዪ። በባዶ ሆድ አይለቀስም።"

ዳቦውን ቆረሰች። "አይብስ የለም? ይሄ ሁሉ ፍየል እያለ?"

"አይብ? በሁዳዴ? እዚያ የሰው አገር ምን ሲያበሉሽ ኖሩ?"

ካሊሮይ ማኘኳን አቆመች። ልጅ ሳለች ጊዮርጊስ በመጣ ቁጥር የሚሸተው የበግ ጥብስ ነበር። በጾም ላይ የዋለበትን ዓመት አታስታውስም፤ ውሎ አያውቅማ።

"አባባ" አለች ቀስ ብላ፣ "ፋሲካ መቼ ነው?"

"በሚቀጥለው ሳምንት።"

"ሃያ ሦስት ጾም ላይ ከዋለ ጊዮርጊስ ከፋሲካ ማግስት ሰኞ ይከበራል። ትናንት የትኛው ጊዮርጊስ ነው የገባው? ውሉ ሃያ ሦስት አይልም፤ የጊዮርጊስ ቀን ነው የሚለው!"

ፖሊካርፖስ ወደ ግንቡ ዞረው በትራቸውን ከፍ አደረጉ። "አወቀች!" ብለው ጮኹ። ግንቡ ላይ ያጨበጨበም የተሳደበም ነበር።

"እነዚያ 'ትምህርቱ ወጋችንን አጥቦባታል፣ አታውቅም' ሲሉ ነው የሰነበቱት" አሏት ወንበራቸውን እያጠፉ። "'ታውቃለች' ብዬ የተወራረድሁት እኔ ብቻ ነኝ። ግን ላደላልሽ እንዳይመስልሽ፤ ባታውቂ ኖሮ እዚሁ እተኛ ነበር።"

አፏጩ። መቶ አርባው ፍየል ተነሥቶ በሰልፍ ወጣ።

አቶ ካርዳሲስ ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ራሳችንን እናስተዳድራለን የምትሉት ይህንን ነው? በቃ፣ ኩባንያው በግንቦት ይረከባል!"

ካሊሮይ በእጇ የቀረውን ውል አየች። ከጊዮርጊስ እስከ ድሜጥሮስ፣ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር። በጋው በሙሉ።

"ይረከብ" አለች። "ግን አስቀድሞ ከተከራዩ ጋር ይስማማ። ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀራቸዋል። በበጋ እኔም ብሆን ሥልጣን የለኝም።"

አቶ ካርዳሲስ ውሉን ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ማኅተሙን በጥፍራቸው ፋቁት። ከዚያ ወደ ፖሊካርፖስ ሄዱ።

"አባት፣ መብትዎን አይለቁም?"

"ፍየሎቹን ልጠይቃቸው" አሉ ፖሊካርፖስ። "አስፋልቱን ግን ወደውታል። ሙቀት ይይዛል፤ ለወላድ ጥሩ ነው።"

አቶ ካርዳሲስ በዚያው አውሮፕላን ተመለሱ፣ ማረፊያውን ለኩባንያው የሚያስተላልፈው ደብዳቤ ከቦርሳቸው ሳይወጣ።

ከፋሲካ ማግስት ሰኞ የበግ ጥብስ ሽታ ማረፊያውን አጥለቀለቀው። ፍየሎቹ መንደርደሪያው ላይ ተኝተዋል። ካሊሮይ በአጥሩ በር ቆማ፣ ኮፍያዋን አውልቃ በብብቷ ይዛለች፤ በሌላ እጇ የዚያ የቅጣት ወረቀት ቀሪ ቅጂ ለአራት ተቀዷል። ፖሊካርፖስ ጥብሱን ያዞራሉ። ቀና አላሉም።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። "ካሊሮይ፣ ላርፍ?"

"ቆይ፣ እየለመንሁ ነው።"