የጭላሎው አጋዘን

አሰላ ሙዚየም ተከፈተ ሲባል አባቴን ይዤው የሄድኩት እንዲዝናና ብዬ ነበር።

ነገሩ ገና ከበሩ አላማረኝም። መግቢያው ላይ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ከዝዋይ የመጡ ቆሮሶና አምባዛ ይዋኙበታል። ውሃው ኩልል ያለ ነው። እኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አሥራ ሁለት ቀኑ! ምነው ዓሣ አድርጎ በፈጠረኝ አልኩ። አባቴ ዓሣዎቹን ዞር ብሎም ሳያይ ዱላውን ተመርኩዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ተከትዬው ስገባ ቆዳው ታጭቆ መስታወት ውስጥ ከቆመ ወንድ የደጋ አጋዘን ፊት ደርቆ አገኘሁት። የአጋዘኑ ግራ ቀንድ ጫፉ ተሰብሯል።

"እሱ ነው" አለኝ።

አባቴ ጉቱ የጭላሎ ደን ጠባቂ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ አጋዘን ሞቶ አገኘሁ ብሎ ራሱ ሄዶ ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተ። ምስጋናው እስር ሆነ፤ ገድለህ ነው ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሲፈታ ደግሞ የዲክሲስ ዘመዶቻችን ብሰው እንደ ጥንቱ ገዳይ ራሱን ቅቤ ቀቡት፣ ፎከሩለት። "አልገደልኩም!" እያለ ቅቤውን በጋቢው ሲጠርግ፣ መንግሥት ፈርቶ ነው ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ለአንድ ቀንድ ብሎ ከሥራው ተባረረ፣ እኔንም ከአሥረኛ ክፍል አስወጥቶ ኢተያ ገበያ ላይ ሽንኩርት አስቸረቸረኝ ብዬ ቂም ያዝኩበት።

"ምን ይላል? አንብቢልኝ" አለኝ፣ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ በዱላው እያሳየኝ። ማንበብ አይችልም።

ጎንበስ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ወንድ የደጋ አጋዘን። በጭላሎ ተራራ በሳንባ በሽታ የሞተ። ሬሳው የተመረመረው የካቲት 2003 ዓ.ም.። ለሙዚየሙ ያበረከቱት አቶ ይበልጣል።"

ይበልጣል የዚያን ጊዜ የአባቴ አለቃ ነው። "በጥይት ገደለው" ብሎ ፍርድ ቤት የመሰከረበትም እሱ ነው። ፍርዱ የተሰጠው ደግሞ በሰኔ ነበር፤ ምርመራው ካለቀ ከአራት ወር በኋላ! ደሜ ፈላ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል፤ አሥራ አራት ዓመት ምን የሚሉት ማደር ነው?

"ማነው ይህን የጻፈው?" ብዬ ጮህኩ።

ሮሐ የሚል ስም ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች አስጎብኚ ሮጣ መጣች። "እህቴ፣ ቀስ በይ። ከድሮ ፋይል ነው የገለበጥነው።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ፋይሉ የት ነበረ?"

"መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት" አለችና ወደ አባቴ ዞረች። "አባባ፣ እርስዎ ያውቁታል እንዴ?"

"ያገኘሁት እኔ ነኝ" አላት።

እጁን ያዝኩት። "ና፣ አሁኑኑ ጠበቃ ጋ እንሂድ! ይህን ውሸታም አስይዘዋለሁ! አየህ፣ በበሽታ ነው የሞተው! አልገደልከውም! ተጽፏል እኮ!"

አባቴ እጁን መንጭቆ አስለቀቀኝ። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"ከዲጃ፣ አለመግደሌ እኔን መቼ ጠፋኝ? እስር ቤት ልትጠይቂኝ ስትመጪም ወላሂ ብዬ ነግሬሽ ነበር። ይበልጣል ባዳ ነው፣ ይዋሽ። አንቺ ልጄ፣ እኔን ለማመን ወረቀት እስኪመጣ ጠበቅሽ?"